የጋሽ ሜትሬ ፊርማ

ጥር 6 ቀን

ይድረስ ለውድ አባዬ፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ? እህቴ እንደጻፈችልኝ ከሆነ ሐኪሙ ደረጃ እንኳ እንዳትወጣ ከልክሎህ፣ አንተ ጣሪያ ላይ ወጥተህ አሸንዳ ስትጠግን ተይዘሃል። ምን ልበልህ? አንተን መምከር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅርታ። ስልክ ብደውልም "ማን? ማን ልበል?" እያልክ ለእህቴ ስለምታቀብላት፣ ቁም ነገር ያለው ወሬ በወረቀት እንደሚሻል ሁለታችንም ከተስማማን ቆይቷል።

ስለ አዲሱ መሣሪያ ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው፤ ከሰማይ ነው የሚለካው። ሦስት እግሩን ዘርግቼ አቆመዋለሁ፣ ጥቂት እጠብቃለሁ፣ ነጥቡን ይነግረኛል። ሜትር የሚጎትት ሰው የለ፤ "ወጥረው፣ አላላው፣ ወጥረው" ብሎ ነገር የለ። አንተ ብታየው ሥራ ነው ብለህ አትቀበለውም። የከተማው ቦታ በሙሉ በዚህ መሣሪያ እንደገና እየተለካ ነው። ለእኔ የደረሰኝ ደግሞ፣ ብታምንም ባታምንም፣ የድሮው ሰፈራችን ነው። አንተ ራስህ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሸንሽነህ ችካል የመታህበት።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ሁለቱ ጎረቤቶች ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ ይቆማሉ፤ እኔ እለካለሁ፤ ሁለቱም "በዚህ ተስማምቻለሁ" ብለው ከፈረሙ፣ የድሮው ወረቀት ምንም ይበል ምን፣ ወሰኑ ያ ግድግዳ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ ወዲያ ክስም አቤቱታም የለም።

ጋሽ ሜትሬን ታስታውሳቸዋለህ? እንዴት ትረሳቸዋለህ። "አንድ ሜትሬን በልታችሁኛል" እያሉ ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሰውዬ። ልጆች ሳለን በበራቸው ስናልፍ "ሜትሬን!" ብለን ጮኸን እንሮጥ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅ ነበር፤ አንተ ብቻ "የሰው ስም አታበላሹ" ብለህ ትቆጣን ነበር። አሁን በከዘራ ነው የሚሄዱት። ገና ሲያዩኝ ይጮሁብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ስሄድ፣ "አምጪው ልጄ፣ ልፈርም፤ ደክሞኛል" አሉኝ። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት እትዬ ልብስ ሰፊዋ ይህን ሲሰሙ በደስታ አለቀሱ። የመስፊያ ክፍላቸው እንደምታውቀው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነው የተሠራው።

ለማመሳከር ያህል የዚያን ዓመት የመስክ ደብተርህን ትልክልኛለህ? ሰማያዊ ልባስ የነበረው።

እህቴን ሳምልኝ።

አንተ ችካል የምትላት ልጅህ

———

ጥር 14 ቀን

ለልጄ፣ ለችካሌ፣

ደብዳቤሽ በደህና ደረሰኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው ላይ የወጣሁት እህትሽ መሰላሉን እዚያው አስደግፋ ስለሄደች ነው፤ ወቀሳውን ለእሷ። ጉልበቴ እንደሆነ ድሮም የእኔ ወገን አልነበረም።

ከሰማይ መለካት ያልሽውን ለጎረቤቴ ለጡረተኛው ባቡር ነጂ ብነግረው "ታዲያ ደመና ሲሆንስ?" ብሎ አፋጠጠኝ። ልጄን ጠይቄ እነግርሃለሁ አልኩት። ሰውዬው እንዳይኮራብኝ ቶሎ ጻፊልኝ።

ደብተሩ የለም። ቤት ስንቀይር አይጥ ቦጫጭቆት ጣልኩት። አይጥ መቼም ሰው የሚፈልገውን መርጦ ነው የሚበላው።

ስለ ሰውዬው፣ እፈርማለሁ ካሉ ይፈርሙ እንጂ። ሁለት ጎረቤት በገዛ ፈቃዱ ከተስማማ ምን ማመሳከር ያስፈልጋል? አሮጌ ወረቀት ማገላበጥ አቧራ ከማስነሣት ሌላ ያተረፈውን ሰው አላየሁም። ይልቅ እትዬ ልብስ ሰፊዋን ሰላም በይልኝ። እናትሽ ያረፈች ጊዜ ማንም ሳይጠይቃቸው የሁለታችሁን ዩኒፎርም ሰፍተው፣ በራችን ላይ አንጠልጥለው፣ ሳያንኳኩ የሄዱ ሴት ናቸው። ያቺ ክፍል እንጀራቸው ናት።

ስለ ሥራሽ ብቻ ጽፈሽ ስለ ጤናሽ ምንም አላልሽም። ደግሞም ደብተሩን ለምን እንደፈለግሽው በደንብ አልገባኝም።

አባትሽ

———

ጥር 21 ቀን

ውድ አባዬ፣

ደመና አያግደውም፤ ለባቡር ነጂው ንገርልኝ። የሚያስቸግረው ፎቅና ትልልቅ ዛፍ ነው። ጤናዬ ደህና ነው፤ እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ። ምክንያቱን ልጻፍልህ ብዬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ይኼ ሦስተኛው ነው።

የውሃ ቧንቧ የሚቀይሩ ሠራተኞች በጋሽ ሜትሬ በኩል ያለውን ማዕዘን ሲቆፍሩ የመነሻው ድንጋይ ወጣ። ሽንሸናውን የጀመርክበት ያንተ ድንጋይ፣ አናቱ ላይ ምልክት የተቀረጸበት። መንገዱ ሰፍቶ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ የት እንዳለ የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ። ጋሽ ሜትሬ ከመንገዱ ጠርዝ ተነሥተው በገመድ ቢለኩ፣ በእርምጃ ቢለኩ፣ ሜትር ገዝተው ቢለኩ አሥራ ሰባት ነበር የሚመጣላቸው። "መነሻው እኮ ጠርዙ አይደለም፤ አንድ ሜትር ወደ መንገዱ ገባ ብሎ ነው" እየተባሉ ይመለሱ ነበር።

ድንጋዩ ያለው ጠርዙ ስር ነው አባዬ። ልክ ጠርዙ ስር።

ከድንጋዩ እስከ ግድግዳው ለካሁ፤ አሥራ ሰባት ሜትር። መሣሪያውን ነቅዬ እንደገና ተክዬ ለካሁ፤ አሥራ ሰባት። ከግድግዳው ወዲያ የእትዬን ለካሁ፤ አሥራ ዘጠኝ። ወረቀቱ ለሁለቱም አሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ይላል።

ደብተርህን አይጥ ቢበላውም የካርቦን ግልባጩ ቢሮ ተቀምጧል። ገጹን አገኘሁት። ኅዳጉ ላይ በራስህ እጅ ጽሑፍ "የሜትሩ ጫፍ ስለተበጠሰ ከ1 ተጀምሯል" ይላል። ከዚያ ወዲያ ማብራሪያ አላስፈለገኝም፤ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ሜትሩ ጫፉ ሲበጠስ ዜሮ ስለሌለው አንድ ቁጥር ላይ ይዘህ ትጀምራለህ፤ ስለዚህ አሥራ ስምንት ለማግኘት ችካሉን የምትመታው አሥራ ዘጠኝ ላይ ነው። አንተ አሥራ ስምንት ላይ መታኸው። ይህን ያስተማርከኝ ዕለት "ይቺን አንድ የረሳ ቀያሽ የሰው ቤት ይበላል" ብለኸኝ ነበር። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ስቄያለሁ።

ስህተት ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ያስጨነቀኝ አሁን የማደርገው ነው። ጋሽ ሜትሬ የካቲት 12 ለመፈረም ቀጠሮ ይዘዋል። ዝም ብል ሁሉም ሰላም ነው፤ ሕጉም አይጠይቀኝም። ብናገር እትዬ መቁረጫ ጠረጴዛቸው ያለበትን ክፍል ሊያጡ ይችላሉ፤ ስድስት ሴቶች ይሠሩበታል። ያንተም ስም ይነሣል። ነገር ግን ሰውዬው ሊፈርሙ የመጡት ተሳስቻለሁ ብለው አምነው ነው። እንዳልተሳሳቱ እያወቅኩ እስክሪብቶ ላቀብላቸው?

ምን ላድርግ?

ልጅህ

———

ጥር 29 ቀን

ችካሌ፣

ደብተሩን አይጥ አልበላውም። አልጋዬ ስር ሻንጣ ውስጥ አለ። ስለዋሸሁሽ ይቅር በይኝ።

አዎ፣ አንዷን ረስቻታለሁ። ዝናብ ሊመጣ ያጉረመርም ነበር፤ ሜትር ያዡም ሚስቱ ልትወልድ ነበርና ልሂድ ልሂድ ይለኝ ነበር። ሰው ምክንያት አያጣም።

ምን ላድርግ ላልሽው፣ እኔ ብሆን አስፈርማቸዋለሁ። ልቆጣሽ ሳይሆን ረጋ ብለሽ እንድታስቢው ነው። ጋሽ ሜትሬ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። አንድ ሜትር መሬት ምን ይሠሩበታል? ሲንገበገቡ ኖረው ዛሬ ተመስገን ብለው ሊያርፉ ነው፤ ያረፈን ሽማግሌ ቀስቅሶ ነገር ውስጥ መክተት ለማን ይጠቅማል? እትዬ በበኩላቸው አንዲት ስንዝር አልሰረቁም፤ ችካሉን እዚያ ያገኙት እኔ ስለተከልኩት ነው። ባላጠፉት ጥፋት ክፍላቸው ይፍረስ? እውነት መናገር ጥሩ ነው፤ ግን ለእውነትም ሰዓት አላት፤ የዚህችኛዋ ሰዓት አልፏል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ቀጥሎ የሰረዝኩትን መስመር ታዪዋለሽ። "ይህን የምለው ለራሴ ብዬ አይደለም" የሚል ነበር። ሰረዝኩት፤ ለራሴም ብዬ ነው።

አባትሽ

———

የካቲት 7 ቀን

ልጄ፣

"ጋሽ ሜትሬ በከሰሱ ጊዜ ደግመህ ለክተህ ነበር?" የምትል አንድ መስመር ብቻ የያዘችው ደብዳቤሽ ደረሰችኝ። ሰላምታ እንኳ የላትም። እንዲህ አጭር ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አታውቂም። ልመልስልሽ ሁለት ቀን ወረቀቱን ሳየው ከረምኩ።

አዎ። ፍርድ ቤት ያዘዘኝ ጊዜ ደግሜ ለክቻለሁ።

ችካሉን ከመታሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው ጋሽ ሜትሬ የከሰሱት። ፍርድ ቤቱ "ባለሙያ ይለካ" ብሎ ትእዛዙ እኔው ላይ ወደቀ። ድንጋዩ ተሸፍኗል፤ የት እንዳለ ግን እኔ አውቃለሁ። በአዲስ ሜትር ሄድኩ። ሜትር ያዡ ዜሮውን ይዞ መንገዱ ዳር ቆሟል፤ ቁጥሩን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ። አሥራ ሰባት። እዚያው ቆሜ የተበጠሰችው ጫፍ ትዝ አለችኝ። ቀና ስል እትዬ በአዲሱ ክፍላቸው መስኮት በኩል ይታዩኛል፤ ማሽኑ ላይ አቀርቅረዋል። እናትሽ ካረፈች አራተኛ ወሯ ነበር።

ለእትዬ አዝኜ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ማዘኑንስ አዝኛለሁ። ግን ዋናው እሱ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። ሁለት ልጅ ይዤ ፈቃዴን ቢቀሙኝ ምን ይውጠኛል ብዬ ፈራሁ። ዳኛው ፊት ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩና፣ ድንጋዩ አንድ ሜትር ወደ መንገዱ ገብቶ ነው ያለው፣ የሰውዬው ቦታ አሥራ ስምንት ሙሉ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ጋሽ ሜትሬ በየሄዱበት ቢሮ የሚመዘዘው ያ ቃሌ ነው። "ባለሙያው ምሎ ተናግሯል፣ ምን ይሁን ይላሉ" እያሉ መለሷቸው። ልጆቹ ሲጮሁባቸው በሰማሁ ቁጥር የምቆጣችሁ ለምን እንደነበር አሁን ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ለምኜሽ አላውቅም። ስህተቱን መናገር አለብኝ ካልሽ ተናገሪ። ሰው ይሳሳታል፤ ቢያሙኝም እችለዋለሁ። መሐላውን ግን ሆድ ይፍጀው። የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን፤ እህትሽም አታውቅም። ሽማግሌዎች "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይላሉ። እኔ አንቺን ከማጣ ያን የተናገርኩትን ማጥፋት በወደድኩ፤ አልቻልኩም።

አባትሽ

———

የካቲት 13 ቀን

ውድ አባዬ፣

ትናንት ነበር። ከሌላ ሰው ከምትሰማው እንዳለ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ለአለቃዬ ነገርኩት። የአባቴ ሥራ ስለሆነ እኔ ልይዘው አይገባም፤ ሌላ ቀያሽ ያጣራው ብዬ መዝገቡን አስረከብኩ። ከዚያ ጠዋት እትዬ ጋ ሄድኩ፤ ከሁሉ በኋላ፣ በሰው ፊት እንዲሰሙት አልፈለግኩም። መቀሱን አስቀምጠው እስክጨርስ ሰሙኝ። "እኔ የሰው ሜትር ላይ ተቀምጬ ነው እንዴ ሰውዬው ላይ ስስቅ የኖርኩት?" አሉ። ስለ ክፍላቸው አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

የጻፍክልኝን ሁሉ አስቤበታለሁ። ስለ እትዬ ያልከው ልክ ነው፤ ስለ ሽማግሌው ዕረፍት ያልከውም ከንቱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ልስማማልህ ደርሼ ነበር። ግን ዝም ካልኩ ለምን ዝም እንዳልኩ ለእትዬ ማስረዳት እችላለሁ፣ ለአለቃዬ እችላለሁ፣ ለአንተም እችላለሁ። ለጋሽ ሜትሬ ግን ፊት ለፊት ቆሜ ላስረዳቸው አልችልም፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ስደርስ ማሰቡን አቆምኩ።

ቀጠሮው ላይ ሲመጡ ጸጉራቸውን ተቆርጠው፣ ኮት ለብሰው ነበር። ወረቀቱን ከማውጣቴ በፊት ጉድጓዱ ዘንድ ወስጄ ድንጋዩን አሳየኋቸው። አባቴ ሲለካ አንድ ሜትር አጉድሏል፤ ቦታዎ አሥራ ሰባት ነው አልኳቸው። በከዘራቸው ድንጋዩን ነካ ነካ አደረጉት። ይደሰታሉ ወይም ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ፊታቸውን አዙረው፣

"አባትሽ ያውቅ ነበር?" አሉኝ።

ደብዳቤህ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። "አላውቅም" ማለት እችል ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ስህተት ነው ብዬ ብቆም ያንተ ስም በግማሽ ይተርፋል። እሳቸው ግን የማይረባ ሜትር ይዘው፣ ለምን እንዳላመኗቸው ሳያውቁ ሊሞቱ ነው።

"ያውቅ ነበር" አልኳቸው። "ዳኛው ፊት የቆመ ጊዜ ያውቅ ነበር።"

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እንዲህ አሉኝ፦

"ባለቤቴ 'ተወው፣ ተሳስተህ ይሆናል' ትለኝ ነበር። እኔ ግን ርግጠኛ ነበርኩ፤ ደጋግሜ ለክቼዋለሁ። እሷ ስትሞት እንኳ ርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ ብቻዬን ስቀር፣ ይሄ ሁሉ ሰው፣ ዳኛው፣ ሹሙ፣ ሕፃኑ ሁሉ አንድ ነገር ሲል እኔ ብቻ ሌላ የምለው ለምንድን ነው ማለት ጀመርኩ። ጭንቅላቴ የተነካ መሰለኝ። ልጄን ጠርቼ 'አብጃለሁ እንዴ?' አልኩት። 'ደክሞህ ነው፣ ተኛ' አለኝ። ዛሬ ልፈርም የመጣሁት ለዚያ ነው፤ ማበዴን ተቀብዬ።"

አንጀቴን በሉት አባዬ። ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ፣ በማን ስም እንደምለው ጠፋኝ።

እትዬ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። "ጠረጴዛዬን ዛሬውኑ አነሣለሁ፤ ግድግዳውንም አፍርሱት" አሉ። ጋሽ ሜትሬ ሳይዞሩ "ተዪው አንቺ፣ አርፈሽ ስፊ" አሏቸው። "የግድግዳውን ነገር እኔና አንቺ እንጨርሰዋለን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "አልፈርምም፤ አልከስምም። አባትሽ ይምጣና ራሱ ይንገረኝ" ብለው ተነሡ።

ለመንከኝ፤ እምቢ አልኩህ። እንድትመጣ አልለምንህም፤ አትምጣም አልልህም። ከተቆጣህ ተቆጣኝ፤ ግን ጻፍልኝ።

ልጅህ

———

የካቲት 22 ቀን

ልጄ፣

ተቆጥቼ ነበር። አራት ቀን ሙሉ "ለገዛ አባቷ" እያልኩ ብቻዬን ሳጉረመርም እህትሽ ምን ሆንክ ብላ ያዘችኝ። ደብዳቤሽን ሰጠኋት፤ ሰማያዊውን ደብተርም አውጥቼ ጨመርኩላት። አንብባ ስትጨርስ ሻይ አፍልታ አመጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። እንዳትንቀኝ ነበር የፈራሁት፤ እሷ ስኳሩን አማስላ ሰጠችኝ።

ቀሎኛል ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ ከእንግዲህ አልዋሽሽም። አፍሬያለሁ። ገበያ ስወጣ ሰው ሁሉ የሰማ ይመስለኛል። ቁጣው ግን ለቆኛል። ያቺን "አብጃለሁ እንዴ?" ያሏትን ቃል ደጋግሜ ባነበብኩ ቁጥር የምቆጣበት እያጣሁ ሄድኩ። እኔ ያጎደልኩባቸው አንድ ሜትር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሃያ ምናምን ዓመት እንደዚያ ብዬ ነበር የማስበው።

ለፍርድ ቤቱ የሆነውን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ እህትሽ ትናንት ፖስታ ቤት አደረሰችው። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ያድርጉ።

ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። እህትሽ ላድርስህ ብትለኝ እምቢ ብያለሁ፤ አንቺም መናኸሪያ አትምጪ። ከአውቶቡሱ ወርጄ በቀጥታ የምሄደው ጋሽ ሜትሬ ቤት ነው፤ ብቻዬን ነው የምገባው። ካስገቡኝ።

ምን ብዬ እንደምጀምር ነው የቸገረኝ። "ይቅር ይበሉኝ" ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። እህትሽ ግን "እሱን ወደ ኋላ አድርገው አባዬ፤ ይቅርታው የሚያስፈልገው ላንተ ነው። መጀመሪያ ለእሳቸው የሚያስፈልጋቸውን ንገራቸው" አለችኝ። እውነቷን ነው። "እርስዎ ልክ ነበሩ" ማለት ነው። ሦስት ቃል ናት፤ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድኩ ስለማመዳት ሰነበትኩ። ሁለተኛዋ ቃል ላይ ስደርስ እየተመለስኩ ከመጀመሪያዋ እጀምራለሁ። እስከ ሐሙስ ድረስ እለማመዳለሁ።

አባትሽ